ሽምግልና በሹቫርኛ

የሰው ልጅ ሥራ መፍታት የማይሆንለት ፍጡር ነው። ያሉት ቋንቋዎች አልበቁት ብሎ፣ የሌለ ሕዝብ ይፈጥርና የሌለ ቋንቋ ያናግረዋል። ቤታችሁ ልጅ ካለ፣ ልጁም ስልክ ከያዘ፣ የምለው ይገባችኋል። ባለ ሦስት ዓይን ንጉሥ፣ ጭራ ያለው ካህን፣ ከጨረቃ ጀርባ የሰፈረ ወታደር፣ ሁሉም ዛሬ የየራሱ ቋንቋ አለው። እኛ ድሮ ፊልም ስናይ ከሌላ ዓለም የወረደ ፍጡር ሁሉ እንግሊዝኛ እንደ ጉድ ያቀላጥፍ ነበር፤ «አንተ ደግሞ ከየት ተማርከው?» ብሎ የጠየቀውም አልነበረም። አሁን ግን ምሁር ተቀጥሮ፣ ግሡን አርብቶ፣ መዝገበ ቃላት ደጉሶ ያስረክባቸዋል። በሕይወት ያሉ ስንት ቋንቋዎች ደብተር እንኳ ሳይኖራቸው፣ የሌሉት ሰዎች መዝገበ ቃላት አላቸው። ይሁን፤ የሰው እንጀራ ነው፤ ምን አገባኝ።

ደግሞ ለመፍረድ አልቸኩልም። እኛስ ብንሆን ንጹሐን ነን እንዴ? በልጅነታችን ትልልቆች እንዳይሰሙን በየቃሉ መሐል ትርፍ ድምፅ እየሰነቀርን የወፍ ቋንቋ ስንናገር አልነበረም? ዛሬም እዚህ ሪያድ፣ ነሲም ሰፈር ብትመጡ፣ አርባ ዓመት የሞላቸው ሴቶች የወፍ ቋንቋ ሲያወሩ ትሰማላችሁ። የሚያሳድጓቸው የዓረብ ልጆች አማርኛውን ስለለመዱባቸው፣ ማዳምን ማማት ሲያምራቸው ወደ ወፍ ቋንቋ ይሸሻሉ። እኔስ ራሴ ለአሥራ አራት ዓመት የምነዳበት ዓረብኛ ምን ዓይነት ዓረብኛ ነው? የሾፌር ዓረብኛ ነዋ! ማንም ዓረብ አፉን አልፈታበትም። ግሡ በሙሉ ትእዛዝ ነው፤ አምጣ፣ ሂድ፣ ቁም፣ ፍጠን። ከ«ያላ» ይነሣል፣ «ኸላስ» ላይ ይወርዳል፣ መሐሉን በ«ኢንሻአላህ» እንሞላዋለን። በዚህ ቋንቋ ኢቃማዬን፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃዴን፣ አሳድሼበታለሁ፣ ከትራፊክ ጋር ተከራክሬበታለሁ፣ አንዴም ከጎረቤት ሾፌር ጋር ተጣልቼበት፣ መልሼ ታርቄበታለሁ። ስለዚህ የፈጠራ ቋንቋ ብርቅ ሆኖብኝ አይደለም እንዲህ የምለፈልፈው።

ግራ ያጋባችኝ ሪማ ናት።

ሪማ የአሠሪዎቼ የመጨረሻ ልጅ ናት፤ አሥራ ሁለት ዓመቷ። ታላላቆቿ አግብተው ወጥተዋል፤ አባቷ ሥራው ሌላ ከተማ ስለሆነ ሐሙስ መጥቶ ቅዳሜ ይሄዳል። ቤቱ ውስጥ የምንኖረው እናትየዋ፣ ማለትም ማዳም፣ ሪማ፣ እኔ ከበሩ አጠገብ ባለችው የሾፌር ክፍል፣ እና ሪማን ከጡት አንሥታ ያሳደገቻት ይታይሽ ነን። ይታይሽ የወሎ ልጅ ናት። ስትመጣ የራሷን የስምንት ዓመት ሴት ልጅ ለእናቷ ጥላ ነው፤ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ለሁለት ወር ሄዳ አይታታለች። ሪማን ግን ከእነዚያ ሁለት ወራት በቀር አንድም ቀን ተለይታት አታውቅም።

አሁን ሪማ የምታየው አንድ ተከታታይ አለ። ሦስት ፀሐይ ያላት፣ ውኃ የሌላት፣ ምድሯ ሁሉ ጨው የሆነች ዓለም አለች፤ ነዋሪዎቿ ሹቫሮች ይባላሉ። ሹቫሮች ምራቃቸው እንዳይደርቅ አፋቸውን የሚከፍቱት በግድ ነው። ሰላምታ የላቸውም፣ «እባክህ» የላቸውም፣ «እግዜር ይስጥልኝ» የሚባል ነገር አልተፈጠረላቸውም። ለጨው ግን ዘጠኝ ዓይነት ስም አላቸው። ሪማ ይህን ስታይ ይታይሽ ከጎኗ ልብስ ትተኩሳለች፤ ስትተኩስ ትሰማለች፤ ስትሰማ፣ ይኸው በአራት ዓመት ውስጥ ሁለቱም ሹቫርኛን አቀላጥፈው ቁጭ። ይታይሽማ ደብተር ገዝታ ቃላቱን በፊደላችን ጽፋ ይዛለች። ስድስተኛ ክፍል ያቋረጠች ሴት እኮ ናት! ማዳም መጀመሪያ ሰሞን እንግዳ ሲመጣ ሁለቱን ጠርታ በሹቫርኛ አውሩ ትላቸው ነበር፤ እንግዶቹም በሳቅ ይፈርሱ ነበር።

ሳቁ የቆመው ይታይሽ ልጇ ልታገባ መሆኑን የነገረች ጊዜ ነው። ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው፤ እናት ልሁንላት፤ ኮንትራቴም አልቋል፤ ኸሩጅ አስመቱልኝ ብላ ለመነች። ኸሩጅ ማለት የመጨረሻ መውጫ ፈቃድ ነው፤ ያለ እሱ ከዚህ አገር ንቅንቅ የለም፤ የሚያስመታውም አሠሪ ነው። በማግስቱ ሪማ ዓረብኛ መናገር አቆመች። አለቀ። እናቷ ስትጠራት በሹቫርኛ ትመልሳለች፤ አባቷ ሲቆጣት በሹቫርኛ፤ ትምህርት ቤት እየጻፈች ብቻ ትግባባለች። ሐኪም ቢያሳዩዋት «ተዉአት፣ ሲበቃት ትተወዋለች» አለ። አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ አራት ወር። ሲበቃት አላየንም። ማዳም የምትፈልገው ሁሉ በይታይሽ አስተርጓሚነት ሆነ፤ እናት ልጇን «ራበሽ ወይ?» ብላ መልሱን እንድትረዳ ከወሎ የመጣች ሴት መሐል ትገባለች። እንዲህ ያለ ጉድ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

እንግዲህ ማዳም ክፉ ሴት አይደለችም፤ ይህን ለመናገር አላፍርም። ግን «አንቺ ከሄድሽ ከልጄ ጋር ማን ያነጋግረኛል?» ብላ ስታለቅስ ይታይሽ ምን ትበል? «ኢንሻአላህ ትንሽ ቆይተን» ተባለች። ኢንሻአላህ መልካም ቃል ነው፤ ከአሠሪ አፍ ሲወጣ ግን ሐሳቡን ለመረዳት ዕድሜ ይጠይቃል። ሁዳዴ ጾም ገባ፣ ተጋመሰ። ሙሽራዋ በየሳምንቱ ትደውላለች፤ ይታይሽ «እየመጣሁ ነው» ትላታለች፤ ስልኩን ዘግታ ደግሞ እኔ በር ላይ መጥታ ትቀመጣለች።

«ጋሼ» አለችኝ አንድ ቀን፣ «ሌላ ሰው ቢያውቀውኮ እኔን ይለቁኝ ነበር። አንተ ተማርልኝ።»

በሃምሳ ሦስት ዓመቴ! የውኃ እጥረት ያለበትን ሕዝብ ቋንቋ! ግን እህቴ ለምናኝ እምቢ ልል ነው? ደብተሩን ተቀበልኩ። ሪማን ትምህርት ቤት አድርሼ እስክትወጣ ስጠብቅ፣ መኪና ውስጥ አየር ማቀዝቀዣውን ከፍቼ፣ ዘጠኙን የጨው ስም እንደ ዳዊት ስደግም ከረምኩ። አንድ ቀን ቆረጥኩና ሪማን በሹቫርኛ «ዛሬ ሙቀት ነው» አልኳት። በመስተዋቱ ትኩር ብላ አየችኝና «ኔሹል» አለች። ማታ ደብተሩን ባገላብጥ «ጨው የሌለው» ማለት ነው። የተሰደብኩት እኔ ልሁን ሹቫርኛዬ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ማዳም ግን ፈተናውን መውደቄን ሰምታ ነበርና፣ አይሆንም ብላ ራሷን ነቀነቀች። «ሪማ ራሷ እሺ ትበል» አለች፣ «እሷ እሺ ካለች እኔ አንድ ቀን አላዘገይም።»

ይህን ለከድር አጫወትኩት። ከድር የጎረቤት ግቢ ዘበኛ ነው፤ እንደ ይታይሽ የወሎ ሰው። ብዙም አላሰበበት። «ወንድሜ፣ ታዲያ ምን ይጠበቃል? ሽማግሌ ይላካ!» አለኝ።

«ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ?»

«ሽማግሌ የሚላከው ወደ ዕድሜ ነው ወይስ ወደ ፈቃድ? ፈቃዱ ያለው እሷ እጅ ነው።»

አያችሁ፣ የእኛ ነገር እንዲህ ነው። ሚስት ስንፈልግ ሰው እንልካለን፣ ስንጣላ ሰው እንልካለን፣ ከባድ ነገር ሲገጥመን ራሳችን ከመናገር ሦስት ሰው ማስጨነቅ ይቀለናል። ሦስተኛ ሽማግሌ ከዐዚዚያ ሰፈር አመጣን፤ ባልቻ ይባላል፣ ጋራዥ ይሠራል፣ በሀገሩ ስንት ጋብቻ ያስፈጸመ፣ ድምፁ ብቻ ልጃገረድ የሚያሰጥ ሰው ነው። ማዳምን አስፈቀድኩ፤ ነገሩ ምን እንደሆነ በሾፌር ዓረብኛ ሳስረዳት ግማሹ ይግባት አይግባት እንጃ፣ ብቻ «ሞክሩ» አለች። እንግዲህ ከሦስታችን ሹቫርኛ የምሞክረው እኔ ብቻ ስለሆንኩ፣ አፈ ጉባኤው እኔ ሆንኩ። ንግግሩንም ራሴ አዘጋጀሁት። ይታይሽን አንድ ቀን «ሦስት» እንዴት ይባላል፣ ሌላ ቀን «መቆም» እንዴት ይባላል እያልኩ ቃል በቃል ለቀምኩባት እንጂ ሙሉውን አላሰማኋትም። ሽማግሌ የሚናገረውን ለባለጉዳይ አስቀድሞ አይዘከዝክማ!

ሥርዓቱን ታውቁታላችሁ። ባለጉዳይ ከሽማግሌ ጋር አይቆምም፤ ስለዚህ ይታይሽን እኔ ክፍል አስገብተን በሩን ዘጋንባት። ሽማግሌ ደግሞ ጉዳዩ ሳይያዝለት «ተቀመጡ» ቢባልም አይቀመጥም። ከዐስር ሶላት በኋላ ጥላው ግቢውን ሲያለብሰው፣ ጋቢ ባይኖረንም የታጠበ ሸሚዝ ለብሰን፣ ከድር በቀኝ ባልቻ በግራ፣ ሪማ ስክሪኗን ይዛ ከተቀመጠችበት ምንጣፍ ፊት ተደረደርን። ልጅቷ ገና ከእንቅልፏ ተነሥታ ይታይሽን ቤቱን ሁሉ ስትፈልጋት ቆይታ ነበር፤ እኔ ይህን የት ዐውቄ! ቀና ብላ አየችንና ዐይኗ ከአንዱ ወደ አንዱ ሄደ። በእጇ ተቀመጡ አለችን። እምቢ ብለን ራሳችንን ነቀነቅን። እኔም ጉሮሮዬን ጠራርጌ፣ ደብተሩን ሳላይ፣ በሹቫርኛ እንዲህ አልኩ፦

«ሦስት ሆነን መጣን። ቆመናል። አንቀመጥም። የመጣነው በይታይሽ ጉዳይ ነው።»

ስክሪኑ ከእጇ ወደቀ።

በኋላ እንደተነገረኝ፣ ሹቫሮች አንድ ልማድ አላቸው። ሰው ሲሞት ሦስት ሆነው ይመጣሉ፤ ቆመው፣ አንቀመጥም ብለው፣ የሟቹን ስም ይጠራሉ፤ ሌላ ቃል አይጨምሩም፣ ምራቅ ይቆጥባሉ። ለካ እኔ አንድም ስሕተት የሌለበት መርዶ ነው የተናገርኩት! በሕይወቴ ሹቫርኛ የተሳካልኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ቋንቋ ሲበላሽበት ነው፤ እኔ ሲቃናልኝ ተሳሳትኩ። ደግሞ እኮ ማወቅ ነበረብን፤ እኛስ አገር ሰብሰብ ብሎ፣ ፊቱን አጠንክሮ፣ አልቀመጥም ብሎ የቆመ ሰው ምን ይዞ ነው የሚመጣው?

ልጅቷ «ያማ!» ብላ እናቷን ጮኻ ጠራች። በዓረብኛ! «ያማ! ይታይሽ ሞታለች! ይታይሽ ሞታለች!»

ማዳም ባዶ እግሯን እየሮጠች መጣች። የልጇን ድምፅ ከስንት ወር በኋላ ሰምታ «ተናገረች! አልሐምዱሊላህ ተናገረች!» እያለች ታቅፋታለች፤ ልጅቷ «ሞታለች» ትላለች፤ ማዳም እየሳመቻት «ማን ነው የሞተው?» ትላለች፤ ከዚያ ገባትና እሷም መጮህ ጀመረች። ከድር ሰው ሲያለቅስ ካየ ምክንያት አይጠይቅም፤ «ኢና ሊላህ» እያለ እንባውን በእጅጌው ይጠርጋል። ባልቻ ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ «ተሰጠን? እንቀመጥ?» አለኝ። እኔ ደግሞ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ «አልሞተችም» የሚለው በሹቫርኛ ጠፋብኝ፣ በዓረብኛም ጠፋብኝ፣ በአማርኛ «አልሞተችም! አልሞተችም!» እያልኩ እጄን አወናጭፋለሁ።

ሟቿ ጩኸቱን ሰምታ የክፍሌን በር በርግዳ መጣች። ሻሿ ወድቋል፣ አንድ እግሯ ጫማ የለውም። ሪማ ስታያት መጀመሪያ ቀጥ ብላ ቆመች። ከዚያ ሮጣ ሄዳ ደረቷን በቡጢ መታቻት፤ ደግማ መታቻት፤ ከዚያ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ይታይሽ የሆነውን ሳታውቅ «ምን ሆንሽብኝ፣ ምን አደረጉብኝ» እያለች ፀጉሯን ትደባብሳለች፤ እኛን ሦስታችንን የምታየን ግን ልጅ እንደቀጣባት ሰው ነበር።

ሁሉም ትንሽ ሲረጋ ነገሩን በደንብ አስረዳሁ። ይታይሽ እንድትሄድ፣ ለሰርጉ እንድትደርስ ልንለምን መምጣታችንን፣ ይህም የአገራችን ክብር መሆኑን። ማዳም በእንባዋ መሐል ሳቀች። ሪማ አልሳቀችም። አፍንጫዋን በእጇ ጠርጋ ወደ ይታይሽ ዞረች።

«የላክሻቸው አንቺ ነሽ?» አለቻት በዓረብኛ።

ይታይሽ አዎን በሚል ራሷን ነቀነቀች።

«እኔና አንቺ ስንት ቋንቋ አለን?» አለች ሪማ። «ለምን ራስሽ አልነገርሽኝም? ለምን ሾፌሩ?»

ሽምግልና ላይ የማይመለስ ጥያቄ ገጥሞኝ አያውቅም፤ ሁሉም መልስ አለው፣ ተረትም አለው፤ ይህ ግን ለሽማግሌ የቀረበ አልነበረም። ይታይሽ አፏን ከፈተች፤ የትኛውን ቋንቋ ትመርጥ ይሆን ብዬ ጠበቅሁ። «አፌ እምቢ አለኝ፣ እናቴ» አለች በአማርኛ። «ላስበው እንኳ አልቻልኩም።» ሪማ ለማንም አልተረጎመችም። ወደ እኛ ዞራ «ተቀመጡ» አለችን። ተቀመጥን። ጉዳያችን ማለቁ የገባኝ ጉልበቴ ሲታጠፍ ነው።

ማዳም ቃሏን አላጠፈችም። ሐሙስ አባትየው ሲመጣ ልጁ በዓረብኛ «ባባ» አለችውና የመጀመሪያ ጥያቄዋ ኸሩጁ ሆነ፤ ምን ይላል? በሳምንቱ ወረቀቱ አለቀ። ይታይሽ ለሰርጉ ዐሥር ቀን ሲቀር ተሳፈረች። እኔም ደስ አለኝ፤ ደስ ማለቱን ግን እንዴት እንደማስረዳችሁ እንጃ። አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ሁለቱ ተቃቅፈው የተባባሉት በሹቫርኛ ነበርና፣ እኔ ያን ሁሉ ወር ያጠናሁት ቋንቋ ሊጠቅመኝ የሚችለው ያኔ ነበር፤ ፊቴን አዞርኩ። ያንን ለመስማት አልነበረም የተማርኩት።

ስንመለስ ማዳም ከኋላ ራሷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ዐይኗን ጨፍናለች። መንገዱ ተዘግቷል፤ መኪናው እንደ ኤሊ ይሄዳል። ሪማ ወደ ፊት ጠጋ አለች።

«ዐም ተሰማ» አለችኝ፤ አጎቴ ተሰማ ማለቷ ነው፤ «አንተ ልጅ አለህ?»

«አለችኝ። አንዲት ሴት ልጅ።»

«ወደዚህ ስትመጣ ማን ነገራት?»

መስተዋቱን አስተካከልኩ፤ የሚስተካከል ነገር አልነበረውም። እውነቱን ለመናገር ጎሕ ሳይቀድ፣ ተኝታ እያለች ነው ከቤት የወጣሁት። እንዳታለቅስብኝ ብዬ ነው። ወይም እንዳላለቅስባት፣ አሁን ተምታቶብኛል። ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር።

«ወንድሜ ነገራት» አልኳት።

«ብቻውን? ወይስ ሦስት ሆነው?»

«ብቻውን ይመስለኛል።»

«ቆሞ ነው ተቀምጦ?»

«አላውቅም» አልኳት። «አልነበርኩም።»